ቡፌው ላይ የሚያርፈው ጄት፦ የትኛውን ሞዴል እንግዛ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች የተዋጊ ጄት ሞዴል የምንገዛው በስልክ ፎቶ አይተን ነው። ፎቶ ደግሞ መጠን አይናገርም። አንድ ስንዝር የማትሞላውም፣ ግማሽ ሜትር የሚጠጋውም ስክሪኑን እኩል ይሞሉታል። ሁለቱም ላይ «ዳይካስት» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም የሩሲያው ተዋጊ ጄት ሱ-27 ናቸው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «የቱ ብራንድ ይሻላል?» እያለ ነው። እኔ ብራንድ ኋላ ይድረስ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስኬሉ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ፣ ይወሰን። ስኬሉን የወሰነ ሰው ምርጫው ወዲያው ይጠብለታል። ያልወሰነ ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ሲሰበስብ ይከርምና አንዱ ከአንዱ ጋር የማይሄድ መደርደሪያ ታቅፎ ይቀራል። ትንሿ ኤፍ-5 ከትልቁ ሱ-27 በልጣ ስትታይ ዓይን ይረበሻል።

ዳይካስት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ የተገፋ የዚንክ ቅይጥ ነው። እጅ ላይ ከበድ፣ ቀዝቀዝ ይላል። ግማሹ ደስታም እዚያ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ጄት ግን አትጠብቁ። በአብዛኛው አካሉና ክንፉ ብረት ይሆንና አፍንጫው፣ ጎማው፣ ሚሳኤሉ፣ አንዳንዴም ጭራው ፕላስቲክ ነው።

ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ስስ ነገር በዚንክ ሲወጣ ወፍራምና ደነዝ ይሆናል። የሚሳኤል ክንፍ የመሰለው ነገር በፕላስቲክ ነው የሚያምረው። እንዲያውም «መቶ በመቶ ብረት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

በምን እንመዝነው?

መጀመሪያ ማን እንደሚነካው አስቡ። ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ፣ የሚሰበሰበውና የሚጫወቱበት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የመሰብሰቢያ ሞዴሎች ላይ ያሉት ሚሳኤሎችና አንቴናዎች ጫፋቸው ሹል ነው፤ ተነቅለውም አፍ ውስጥ ይገባሉ። ሳጥናቸው ላይም «ከ14 ዓመት በላይ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም።

ማን እንደሚያየውም አስቡ። እኛ አገር የጄት ድምፅ ለሁሉም ትርዒት አይደለም። ጦርነት በራፉ ድረስ የመጣበት ሰው ሳሎኑ ላይ ቦምብ የተሸከመ አውሮፕላን ማየት ላይፈልግ ይችላል። እናት አባታችሁ ቤት ከመደርደራችሁ በፊት ጠይቋቸው። መኝታ ቤትም መደርደሪያ አለ።

ቀጥሎ ስኬል። ስኬል እውነተኛው አውሮፕላን ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። 1 ለ 72 ከሆነ 72 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ ልክ ሞዴሉ ያንሳል፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የእውነተኛውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ያዙና ለስኬሉ አካፍሉት። ሱ-27 ርዝመቱ 21.9 ሜትር ነው። 2190 ለ 72 ሲካፈል 30 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ኤፍ-16 15 ሜትር ስለሆነ 21 ሴንቲ ይሆናል። ኤፍ-5ኢ 20 ሴንቲ፣ ድሮ እኛም የነበረን ሴበር ኤፍ-86 ደግሞ 16 ሴንቲ ገደማ ነው።

አሁን ሜትር ይዛችሁ ቡፌያችሁን ለኩ። ከፊት ለፊት ያለውን ስፋት ሳይሆን ወደ ውስጥ ያለውን። የኛ ቤት ቡፌ ብዙውን ጊዜ ለሲኒና ለብርጭቆ የተሠራ ነው። ሰላሳ ሴንቲ ጄት አፍንጫውን ወደ ሰው አዙሬ ላቁም ብትሉ መስታወቱ አይዘጋም። በጎኑ ወይም በሰያፍ መቆም አለበት። ክንፉንም አትርሱ፤ ሱ-27 በ1 ለ 72 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 20 ሴንቲ ይይዛል።

ስለ ስኬል አንድ ነገር ልጨምር። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ሞዴል ይዘቱ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። ከ1 ለ 144 ወደ 1 ለ 72 መሄድ ትንሽ ከፍ ማለት ይመስላል። ካርቶኑ፣ ክብደቱና የማስመጫው ሒሳብ ግን ሌላ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው የሥራው ጥራት ነው። ይሄን ከፎቶ ማየት ይቻላል፤ ፎቶውን አቅርቡት። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን እዩ። ፀጉር የምታስገባ ክፍተት የትም አትጠፋም። ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ግን ተዉት። አካሉ ላይ ያሉትን የብረት መጋጠሚያ መስመሮች እዩ። ጥልቅና ሰፊ ቦይ ከሆኑ ጄቱ መጫወቻ ይመስላል። ከኮክፒቱ (አብራሪው ከሚቀመጥበት ክፍል) ሥር ያለችውን ትንሽ ቀይ ሦስት ማዕዘን ፈልጉ። አብራሪውን ወደ ውጭ የሚወነጭፈው ወንበር ማስጠንቀቂያ ናት። ጥሩ የኤፍ-16 ሞዴል ላይ በጎማ ማኅተም የታተመች ስለሆነች ጠርዟ ጥርት ይላል፤ ውስጧ ያለው ጽሑፍም በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ቀሽም ሞዴል ላይ ወይ የለችም፣ ወይ ስቲከር ሆና ጠርዟ ተነስቷል።

ከዚያ ጎማውና ማቆሚያው። አንዳንዱ ሞዴል ጎማው ወርዶ ተጣብቆ ይመጣል። አንዳንዱ የተከፈተና የተዘጋ የጎማ ክዳን ከነማቆሚያው ይዞ ስለሚመጣ የበረረ ወይም ያረፈ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ የሚቀያየረውን ውሰዱ። ከባድ ብረት በቀጫጭን እግር ዓመታት ሲቆም እግሩ ሊንጋደድ ይችላል። ማቆሚያ ላይ ከሆነ ግን ክብደቱ አይጫነውም።

መጨረሻ ላይ ዋጋ አለ። ዋጋ ስል ድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ቤታችሁ ሲደርስ ያለውን ነው።

ርካሹ መጫወቻ

የቻይና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል። ወደ ኋላ ጎትተው ሲለቁት የሚሮጠው ዓይነት ነው። ስኬል የለውም፤ የሚሠራው ለካርቶኑ እንዲበቃ ሆኖ ነው። ኤፍ-22ቱም ሚግ-29ኙም አንድ ልክ ናቸው። ለልጅ አሪፍ ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ቢጠፋም አይቆጭም። «ሰብሳቢ ልሁን» ብላችሁ ከዚህ አምስት ስድስቱን ከምትገዙ ግን ገንዘቡን አጠራቅሙ።

1 ለ 200 እና 1 ለ 144

ኤፍ-16 በ1 ለ 144 አሥር ሴንቲ ተኩል ናት። በ1 ለ 200 ሰባት ሴንቲ ተኩል፣ እንደ ጣት ማለት ነው። የጀርመኑ ሄርፓ በ1 ለ 200፣ ጄሲ ዊንግስ በ1 ለ 144 ይሠራሉ። ቦታ ለጠበበበት፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ተመራጭ ናቸው። በአንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ሙሉ ቡድን ይሰለፋል። ሻንጣ ጥግ ላይ ገብቶ መምጣትም ይችላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ኮክፒቱ ውስጥ የሚታይ ነገር ብዙም የለም፣ ትንሿም ጽሑፍ ትጠፋለች።

1 ለ 100

አውሮፓ ውስጥ ከመጽሔት ጋር በተከታታይ ይሸጡ የነበሩት ብዙዎቹ በዚህ ስኬል ናቸው። ኢታሌሪም በዚህ ስኬል አውጥቷል። መጠኑ ለቡፌ ልክ ነው፤ ሱ-27 22 ሴንቲ፣ ኤፍ-16 15 ሴንቲ። ዋጋውም አይከፋም። የሚያሳስበኝ ቀጣይነቱ ነው። ዛሬ ኤፍ-16 ገዝታችሁ ነገ አብሮት የሚቆም ሚግ-23 ስትፈልጉ ምርጫው ቶሎ ያልቃል። አንድ ብቻ ገዝቶ ለሚያቆም ሰው ግን ጥሩ ነው።

1 ለ 72

ሰብሳቢው ዓለም የተስማማው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ብዙ አይደለም። ዝርዝሩ በዓይን እስኪታይ ድረስ ትልቅ ነው፤ ቤት እስኪገባ ድረስ ደግሞ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሠሪውም ገዢውም እዚህ ተሰበሰበ። ሆቢ ማስተር፣ ኮርጊ፣ ካሊበር ዊንግስ፣ ጄሲ ዊንግስና ሴንቸሪ ዊንግስ ሁሉም በዚህ ስኬል ጄት ሠርተዋል።

ብራንዶቹን በደረጃ አላስቀምጥም፤ ስለማይቻል ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ ቅርጽ ማውጫ አለው። አንድ ኩባንያ ኤፍ-14ን አሳምሮ ሠርቶ ሚግ ላይ ሊያነክስ ይችላል። የሚጠቅመው የትኛው ወዴት እንደሚያደላ ማወቅ ነው። ኮርጊ የእንግሊዝ ስለሆነ ቶርኔዶ፣ ሃሪየር፣ ላይትኒንግ ለመሳሰሉት የእንግሊዝ ጄቶች ቅርብ ነው። ካሊበር ዊንግስ በኤፍ-14 እና በኤፍ-4 ይታወቃል። ሴንቸሪ ዊንግስ ኤፍ-14 እና ኤ-7 ላይ ስሙን ተክሏል። ሆቢ ማስተር ከሁሉም በላይ ዓይነት ያበዛል፤ የአሜሪካውንም የሩሲያውንም ከአንድ ቦታ የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሄዳል።

ለእኛ አንባቢ ደግሞ 1 ለ 72 የሚሻልበት ሌላ ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያበረራቸውን ጄቶች በአንድ ስኬል መደርደር ይቻላል። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴበር ኤፍ-86፣ ከ1966 ጀምሮ ኤፍ-5፣ ከ1977 በኋላ ሚግ-21 እና ሚግ-23፣ በ1998 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሱ-27። አምስቱም በ1 ለ 72 ዳይካስት ወጥተዋል። ሁሉንም መግዛት ለማይችል ሰው ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21 ጎን ለጎን ይበቃሉ። በ1977 ኦጋዴን ሰማይ ላይ የእኛ ኤፍ-5ኢ የሶማሊያን ሚግ-21 ተጋፍጧል። መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሶቪየቶች ወደ እኛ ዞረው ሚግ-21 የእኛም ሆነ፤ ታሪክ እንዲህ ናት።

ቀለሙ ግን የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ወይም የሩሲያ ምልክት ያለው በሽ በሽ ነው። የእኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያለበት እንደ ልብ አይገኝም። ይሄ የግድ ነው ለምትሉ ከታች ስለ ኪት (ራሳችሁ ስለምትገጣጥሙት ሞዴል) ወደተጻፈው ክፍል ውረዱ።

የ1 ለ 72 ድካሙ ዋጋው ነው። አዲሱ በውጭ ሱቅ ከ80 እስከ 150 ዶላር ባለው ውስጥ የሚገኘው ይበዛል፤ ትልልቆቹና ቶሎ ያለቁት ከዚያ ያልፋሉ። በብር አልጻፍኩትም፤ ነገ ይቀየራል። ምርቱ በተወሰነ ቁጥር ስለሚወጣ፣ ካለቀ በኋላ ከሌላ ሰብሳቢ እጅ በውድ መግዛት ነው።

1 ለ 48

ሱ-27 በዚህ ስኬል 45 ሴንቲ ያልፋል። ዳይካስቱ በብዛት ይገኝ የነበረው በፍራንክሊን ሚንት አርሙር በኩል ሲሆን አሁን የሚገኘው ያገለገለው ነው። አንድ ብቻ ገዝቶ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለሚያቆም ሰው ግርማ ሞገስ አለው። ለቤት ግን አልመክርም። ከባድ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ማስመጣቱም ራስ ምታት ነው።

የሚገጣጠም የፕላስቲክ ኪት

ይሄ ዳይካስት አይደለም። ቢሆንም ብዙ ሰው ዳይካስት ሲያምረው በእውነት የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ ኤርፊክስ፣ ሬቬልና ዝቬዝዳ ይሠሩታል። ዝቬዝዳ በ1 ለ 72 ሱ-27 አለው። ከ15 እስከ 40 ዶላር ባለው ጥሩ ኪት ይገኛል። ካርቶኑ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ ላይ አይከብድም። ቅርጹ አንዳንዴ ከውዱ ዳይካስት ይበልጥ ትክክል ነው፤ ፕላስቲክ ስስ ሆኖ መውጣት ይችላልና።

ትልቁ ጥቅሙ ቀለሙ በእናንተ እጅ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያን ምልክት በቀጭን ብሩሽ መሳል፣ ወይም በዲካል ወረቀት አሳትሞ ውሃ ውስጥ ነክሮ መለጠፍ ይቻላል።

ሒሳቡን ግን ሙሉ አድርጉት። ሙጫ፣ መቁረጫ፣ ወረንጦ፣ ብሩሽና ቀለም ሲደመሩ ከኪቱ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ለሁለተኛው ኪት ግን አትገዟቸውም። ዱባይ ያለ ዘመድ ስታዙ ስፕሬይ ቀለም አምጣልኝ አትበሉት፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ይዞ ይምጣ። እዚህ ጋራዥ የሚጠቀሙበት የመኪና ስፕሬይ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ያንን ሁሉ ስስ መስመር ይደፍነዋል።

የደሴ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጦሳ ጭጋግ ለብሶ ከተማው ሁሉ እርጥበት በሆነበት ቀን ቫርኒሽ አትርጩ። እርጥበት ሲይዘው ወተት እንደፈሰሰበት ይነጣል፤ የሳምንት ሥራ ውሃ በላው። ጥቅምትን ጠብቁ፤ ካልሆነም ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ውረዱ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጠላታችሁ አቧራ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ካርቶን ድፉበት።

በአጭሩ በሰንጠረዥ

| ዓይነት | ሱ-27 ሲሆን | ኤፍ-16 ሲሆን | ዝርዝሩ | የውጭ ዋጋ ግምት | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| መጫወቻ | ልክ የለውም | ልክ የለውም | ደካማ | በጣም ርካሽ | ለልጅ |
| 1 ለ 200 | 11 ሴ.ሜ | 7.5 ሴ.ሜ | አነስተኛ | ከ25–50 ዶላር | ቦታ ለሌለው |
| 1 ለ 144 | 15 ሴ.ሜ | 10.5 ሴ.ሜ | መካከለኛ | ከ25–50 ዶላር | ብዙ መደርደር ለሚወድ |
| 1 ለ 100 | 22 ሴ.ሜ | 15 ሴ.ሜ | መካከለኛ | ከ20–40 ዶላር | ለስጦታ፣ ለአንድ ብቻ |
| 1 ለ 72 | 30 ሴ.ሜ | 21 ሴ.ሜ | ከፍተኛ | ከ80–150 ዶላር | ለእውነተኛ ሰብሳቢ |
| 1 ለ 48 | 46 ሴ.ሜ | 31 ሴ.ሜ | እንደ ሠሪው | ያገለገለ፣ የተለያየ | ለቢሮ |
| ኪት 1 ለ 72 | 30 ሴ.ሜ | 21 ሴ.ሜ | እንደ እጃችሁ | ከ15–40 ዶላርና መሣሪያ | ትዕግሥት ላለው |

ታዲያ የትኛውን?

በጀታችሁ ከ50 ዶላር በታች ከሆነና ተሠርቶ ያለቀ የምትፈልጉ ከሆነ 1 ለ 144 ውሰዱ። 1 ለ 100ንም አስቤ ነበር። ነገር ግን 1 ለ 144 ላይ ነገም የምትጨምሩት አይጠፋም።

ከመቶ ዶላር በላይ ማውጣት የምትችሉ ከሆነ 1 ለ 72 ነው፤ ብዙ አታስቡ። በዓመት አንድ ይበቃል። የመጀመሪያችሁ መካከለኛ መጠን ያለው ይሁን፤ ኤፍ-5፣ ኤፍ-16፣ ሚግ-21። ሱ-27ን ቡፌው ከተለካ በኋላ።

ለሌላ ሰው ስጦታ ከሆነ፣ በተለይ አየር ኃይል ላገለገለ አባት ወይም አጎት፣ ያበረረውን ወይም የጠገነውን ዓይነት በስሙ ጠይቃችሁ ግዙ። «ያው ጄት ነው» ብሎ ሌላ መስጠት አያስኬድም። ኤፍ-5 ላይ የሠራ ሰው ሚግ ቢሰጡት ፈገግ ብሎ ይቀበላል፤ ቡፌ ላይ ግን አያወጣውም።

ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ፣ እጃችሁ ግን የሠለጠነ ከሆነ፣ አብሽሩ፣ ኪት አለ። ሁለት ሦስት ጓደኛ ተሰብስቦ መሣሪያውን በጋራ መግዛት ይቻላል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የክንፉን ሥርና የአካሉን ሆድ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። የዚንኩ ቅይጥ ውስጥ እንደ እርሳስ ያለ ባዕድ ነገር ከገባ፣ ብረቱ በዓመታት ውስጥ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። በአዲሶቹ ላይ ብዙም አይታይም፤ አሮጌ ላይ ግን ቀለሙ አረፋ ካወጣ ወይም ስስ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ እለፉት። የጎደለ ሚሳኤል ካለም ቀድማችሁ እወቁ። የተቀነሰ ዋጋ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው የተደበቀው።

መንገድና አያያዝ

ሰው በሻንጣ ሲያመጣላችሁ ከመጀመሪያ ካርቶኑ እንዳያወጣው ንገሩት። ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቅርጽ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው። ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ጄት አንቴናውን ይዞ አይመጣም። የግዢውን ደረሰኝና ሞዴሉን የሚያሳይ ፎቶ ስልኩ ላይ ይያዝ። ድሮን ያለ ፈቃድ ስለማይገባ፣ በኤክስሬይ ላይ አውሮፕላን ያየ ጉምሩክ «ይበራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። ሞተርም ባትሪም የለውም ብሎ ከፍቶ ማሳየት ነው።

ቤት ከገባ በኋላ የወሎ ጣጣ ይመጣል፤ ዕጣን። ቡና በተፈላ ቁጥር ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ቡፌው ላይ ያርፋል። የጄት ሞዴል ቀለም ድብዝዝ ያለ እንጂ አንጸባራቂ ስላልሆነ ጥቀርሻና አቧራ አጥብቆ ይይዛል። ግራጫው ኤፍ-16 ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ያደላል። ቡናውን ተዉ የሚል የለም። መስታወት ያለው መደርደሪያ ይሻላል፤ ከሌለ ረከቦቱ ከሚዘረጋበት ጥግ በተቃራኒ አስቀምጡት። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮትም አይሆንም፤ የኮክፒቱ ሽፋን ይደክማል፣ ቀለሙም ይነጣል።

ለማጽዳት ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይበቃል። ከአፍንጫ ወደ ጭራ፣ ሚሳኤሎቹን ሳትነኩ። ጥቀርሻ ከያዘው ጥጥ በውሃ ብቻ አርጥባችሁ በስሱ ጥረጉት። አልኮል፣ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አጠገቡም አይድረሱ፤ ቀለሙንም ምልክቱንም አንድ ላይ ያነሱታል።